ጠርዙ የት ሄደ?

ሞኒተር ለመግዛት ሱቅ የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ማታለያ አለች። ካርቶኑ ላይ ያለው ፎቶ ምስሉን እስከ መጨረሻው ጫፍ ዘርግቶ ያሳያል፤ "ፍሬም አልባ" ይላል። ከካርቶኑ ስታወጡትም፣ ገና ሳይበራ፣ ፊቱ በሙሉ ጥቁር መስታወት ነው። ፍሬም የሚባል ነገር አይታይም። ስታበሩት ግን ምስሉ ከመስታወቱ ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይቆማል። ዙሪያውን ጥቁር መቀነት ይቀራል፤ ከታች በኩል ደግሞ መቀነቱ ሰፋ ይላል።

እኔ ሶፍትዌር እየጻፍኩ የምውለው ሁለት ሞኒተር ጎን ለጎን አቁሜ ነው። ሁለቱ መቀነቶች መሐል ላይ ሲገናኙ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ጥቁር ግድግዳ ይሠራሉ። ምህንድስና የተማረ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ አያልፍም። በጥፍር በምታህል ቺፕ ላይ ቢሊዮን ትራንዚስተር መደርደር የቻለ ኢንዱስትሪ፣ ይቺን 6 ሚሊ ሜትር ማጥፋት እንዴት አቃተው?

መልሱን ስፈልግ የገባኝ ነገር ጥያቄው የቴክኖሎጂ ብቻ ሳይሆን የታሪክም መሆኑ ነው። ጠርዙ ባዶ ቦታ አይደለም። በየዘመኑ የስክሪኑ ከባድ ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው። "አጠፋነው" በተባለ ቁጥርም ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል እንጂ አልቀረም። ታዲያ ታሪኩን ከመነሻው እንየው።

ብረት የታጠቀው መስታወት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ከነበረ ስቱዲዮ ነው። የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ምን ይመስል እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ እግር ያለው ሣጥን፣ መሐሉ ላይ ማዕዘኖቹ የተድበለበሉ፣ ወደ ፊት ያበጠ መስታወት፤ ዙሪያውን ወፍራም እንጨት ወይም ፕላስቲክ።

ያ ወፍራም ዙሪያ ለጌጥ የተደረገ አልነበረም። የድሮው ስክሪን ውስጡ አየር የተመጠጠለት የመስታወት ቱቦ ነው። ከኋላ ካለው ቀጭን አንገት የሚተኮሱ ኤሌክትሮኖች የፊቱን መስታወት ከውስጥ የተቀባውን ፎስፈር ሲመቱት ይበራል። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ደግሞ የውጭው አየር ቱቦውን ከየአቅጣጫው ይጫነዋል። የአየር ግፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ነው። 40 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፊት 1,200 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ እንግዲህ ቤታችን የነበረው ቴሌቪዥን ፊቱ ላይ ከ1 ቶን በላይ ተሸክሞ ነበር የሚያወራን። መስታወቱ ያበጠው፣ ማዕዘኑም የተድበለበለው ለዚህ ነው። ኋላ ላይ የተሠሩት ቱቦዎች ዙሪያቸውን ጠበቅ ያለ የብረት መቀነት ታጥቀዋል፤ ቢሰበር ቁርጥራጩ ወደ ሰው እንዳይበተን። ፍሬሙ የሚሸፍነው ይህንን ነበር።

ሌላም ነገር ይሸፍን ነበር። የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል ምስሉ ይሰፋል፣ ይጠባል። መብራት ሲዋዥቅ አምፖሉ ሲፈዝና ሲደምቅ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ምስሉን ሆን ብለው ከስክሪኑ አስፍተው፣ ትርፉን ከፍሬሙ ሥር ደበቁት። የቴሌቪዥን ባለሙያዎችም አንድ ሕግ አበጁ፦ ጽሑፍ ከምስሉ መሐል ካለው 80 በመቶ አይውጣ፤ ጠርዙ ላይ ያለውን ተመልካቹ ላያየው ይችላልና።

የስልክ አፕ የምንሠራ ልጆች "ሴፍ ኤሪያ" የምንለው ነገር አለ፤ ቁልፉና ጽሑፉ ከስልኩ ክብ ማዕዘን ወይም ከካሜራው ቀዳዳ ሥር እንዳይገባ የሚከለል ክልል ነው። ብዙዎቻችን እ.ኤ.አ. በ2017 ከአይፎን 10 ጋር የመጣ ይመስለናል። ሐሳቡ ግን ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን ጣቢያዎች ውስጥ አርጅቶ ነበር።

የሰኞ ገበያ

ጠፍጣፋው ስክሪን ሲመጣ የአየሩ ግፊትና የብረት መቀነቱ ቀሩ። አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም ውስጥ ጆርጅ ሃይልማየር፣ በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራ ማሳያ ለዓለም ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ፒተር ብሮዲ ከባልደረቦቹ ጋር ዌስቲንግሃውስ ውስጥ እያንዳንዱን ነጥብ በራሱ ትንሽ ትራንዚስተር የሚቆጣጠር ስክሪን ሠራ። ዛሬ ጠረጴዛችን ላይ ያለው ሞኒተር የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

እዚህ ጋ ግን አዲስ ችግር ተወለደ። ተራ የሚባለው ሞኒተር 1,920 ፒክስል ወደ ጎን፣ 1,080 ፒክስል ወደ ታች አለው። እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስት ነጥቦች ስላሉት ጠቅላላው 6,220,800 ነጥብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ሽቦ እንስጠው ብንል ከ6 ሚሊዮን በላይ ሽቦ ሊወጣ ነው። አይሆንም።

መፍትሔውን ለማስረዳት ወደ አገሬ ልውሰዳችሁ። እኔ የከሚሴ ልጅ ነኝ። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢት አድርጎ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ከኮምቦልቻ በፊት ያገኘናል፤ ከተማችን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዞናችን ሰንበቴ በእሑድ ትገበያለች፤ ባቲ ደግሞ በሰኞ። የባቲ ሰኞ ዝነኛ ነው፤ አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው እዚያው ይገናኛል። ነጋዴው ግን በየገበያው የተለየ ሰው አይደለም። እሑድ ሰንበቴ ጨርቅ ዘርግቶ ያያችሁትን ሰው ሰኞ ባቲ ልታገኙት ትችላላችሁ። ገበያዎቹ ቀን ተከፋፍለው በአንድ ነጋዴ፣ በአንድ መኪና ይገለገላሉ። ሁሉም በአንድ ቀን ቢውሉ ኖሮ ለእያንዳንዱ የተለየ ነጋዴ ያስፈልግ ነበር።

ስክሪኑም የሚሠራው ልክ እንደዚህ ነው። ነጥቦቹ በ1,080 ረድፍና በ5,760 ዓምድ ይደረደራሉ። የዓምዱ ሽቦዎች ነጋዴዎቹ ናቸው፤ ቀለሙን ተሸክመው ይመጣሉ። የረድፉ ሽቦ ደግሞ "ዛሬ የእናንተ ቀን ነው" ብሎ በሩን ይከፍታል። የመጀመሪያው ረድፍ ይከፈታል፣ 5,760ው ዓምድ ዕቃውን ያራግፋል፣ ረድፉ ይዘጋል፤ ቀጣዩ ይከፈታል። በሰከንድ 60 ጊዜ ስክሪኑ በሙሉ መታደስ ስላለበት ለአንድ ረድፍ የሚደርሰው ጊዜ 15 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

በዚህ ዘዴ ከ6 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሽቦ 6,840 ሆነ። ከታላላቅ የምህንድስና ቁጠባዎች አንዱ ይመስለኛል። ግን ነጋዴ መንገድ ይፈልጋል። ያ ሁሉ ሽቦ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። በኋላ በኩል እንዳይወጣ ሞኒተሩ የሚያበራው ከኋላው በተዘረጋ መብራት ነው፤ መንገዱን ሽቦ ከዘጋው ምስሉ ይጠቁራል። በዚያ ላይ ቀጭን መስታወትን ሺህ ቦታ መብሳት ቀላል አይደለም። ስለዚህ የቀረው መውጫ አንድ ነው፤ ጠርዙ።

በ6 ሚሊ ሜትር ውስጥ ማን ይኖራል?

በዚያ ጥቁር መቀነት ውስጥ ቢያንስ አራት ባለ ጉዳዮች ተፋፍገው ይኖራሉ።

አንደኛው ማጣበቂያው ነው። ፈሳሽ ክሪስታሉ ያለው በሁለት መስታወቶች መሐል ነው፤ በመሐላቸው ያለው ክፍተት ከ3 እስከ 4 ማይክሮን ገደማ ሲሆን ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያንሳል። ፈሳሹ እንዳይወጣ፣ እርጥበትም እንዳይገባ ዙሪያውን በሙጫ ይታሸጋል። ሙጫው ሲጠብ የመላቀቅ ዕድሉ ይጨምራል፤ ወደ ምስሉ ሲጠጋ ደግሞ ፈሳሹን ይበክለዋል።

ሁለተኛው የቢላው ድርሻ ነው። ስክሪኖች አንድ በአንድ አይሠሩም። ትልቅ መስታወት ላይ ብዙ ስክሪን አብሮ ተሠርቶ በኋላ ይቆረጣል። የተቆረጠ መስታወት ጫፉ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይቀራል፤ ስንጥቁ ሽቦዎቹ ጋ እንዳይደርስ ርቀት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ኤሌክትሮኒክሱ ነው። የዓምዶቹን ሽቦ የሚነዱት ቺፖች በቀጭን ተጣጣፊ ፊልም ላይ ተቀምጠው ከመስታወቱ ጫፍ ጋር ይጣበቃሉ፤ ብዙ ጊዜ በታች በኩል። የሞኒተራችሁ "አገጭ" ከሌላው ጎን የሚሰፋው ስለዚህ ነው። ረድፎቹን የሚከፍተው ሰርኪት ደግሞ አሁን አሁን በቀኝና በግራ መስታወቱ ላይ ራሱ ይሠራል። ቀጥኗል እንጂ አልጠፋም።

አራተኛው ብርሃኑ ነው። ከኋላ ያለው መብራት እስከ ጫፍ ድረስ እኩል አይደምቅም። ብርሃን የሚበትኑት ፕላስቲኮችም ሲሞቁ ስለሚለጠጡ የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ይሻሉ። ጠርዙ ጥቁር የሆነው በጎን የሚያፈተልከውን ብርሃን ለመያዝም ጭምር ነው።

ጠርዝን ለሥራ ማዋል ግን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊዎች ቆዳውን የሚወጥሩት ጠርዙን በስተው፣ በገመድ ከእንጨት ክፈፍ ጋር አስረው ነው። ብራናው ሲደርቅ ያ የተበሳ ጠርዝ ይቆረጣል። ከዚያ ደግሞ አዲስ ጠርዝ ይሰጡታል፤ በገጹ ኅዳግ ላይ በወስፌ ተራ በተራ ነጥብ ይወጋሉ፣ መስመሩን የሚያሰምሩትም ከነጥብ ወደ ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ አድራሻው ኅዳጉ ላይ ነው ማለት ነው። ስክሪኑ የሚሠራውን ሥራ ብራናው አስቀድሞ ሠርቶታል።

በወሎ የእስልምና ትምህርት ቦታዎችም እንዲሁ ነው። ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ፣ በዳዋ ጨፋ ወረዳ፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ሾንኬ የምትባል የአርጎባ የድንጋይ መንደር አለች፤ በሸኽ ጀውሃር ስም የምትታወቅ የዕውቀት ቦታ ናት። በእጅ በተጻፉ የአረብኛ ኪታቦች ገጽ ላይ ዋናው ጽሑፍ መሐሉን ይይዛል፤ ማብራሪያው በዙሪያው ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይሰፍራል። በአረብኛ ጠርዝንም፣ ጠርዝ ላይ የሚጻፈውን ማብራሪያም የሚጠራው አንድ ቃል ነው፤ ሓሺያ። ያንን ኅዳግ "የባከነ ቦታ" ብሎ የሚቆርጥ ሰው ደረሳው ኪታቡን የሚረዳበትን መንገድ ቆረጠ ማለት ነው።

ጠርዙን የማሳደድ ዘመን

እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ኩባንያዎቹ ጠርዙ ላይ ዘመቱ። የጃፓኑ ሻርፕ በዚያ ዓመት ባወጣው አኳስ ክሪስታል ስልክ የፊቱን ሽፋን ጫፍ እንደ ሌንስ አስልቶ ብርሃኑን አጠፈና ምስሉ እስከ ዳር የደረሰ አስመሰለው። ታችኛው አገጩ ግን ወፍራም ነበር። ዴል በ2015 ላፕቶፑን ኤክስፒኤስ 13ን ሲያሳጥን ካሜራውን ከላይ አንስቶ ከስክሪኑ ሥር አደረገው፤ በቪዲዮ የሚያወራ ሰው አፍንጫው ከሥር ይታይ ጀመር። ሻዮሚ በ2016 ሚ ሚክስን አወጣ፤ የእሱም ካሜራ ወደ ታች ወረደ። ልብ በሉ፤ በሁሉም ላይ የሆነው አንድ ነው። ጠርዙ ከሦስት ጎን ተባሮ አራተኛው ላይ ተጠራቀመ።

አይፎን 10 ግን አራተኛውንም ቀነሰው። እንዴት? ኦሌድ የሚባለው ስክሪን የራሱ ብርሃን ስላለው ከኋላው መብራት አያስፈልገውም፤ በመስታወት ፈንታ በሚታጠፍ ፕላስቲክ ላይም ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ የስክሪኑን ጫፍ ከነሽቦው ወደ ኋላ አጠፉት። ጠርዙ ከስክሪኑ ጀርባ ተደበቀ።

"ታዲያ ሞኒተሩንስ አያጥፉትም?" ትሉ ይሆናል። ችግሩ አብዛኛው ሞኒተር ዛሬም መስታወት ላይ የተሠራ፣ ከኋላው መብራት ያለው ኤልሲዲ መሆኑ ነው፤ መስታወት ደግሞ እንደ ፕላስቲክ አይታጠፍም። ሳምሰንግ በ2020 ካወጣቸው 8ኬ ቴሌቪዥኖች መሐል የፊቱ 99 በመቶ ምስል ነው ተብሎ የተነገረለት ነበር። የቀረችዋ 1 በመቶ ግን እስካሁን ያወራናቸው ባለ ጉዳዮች ሁሉ መኖሪያ ናት።

የአደባባዩ ስክሪን

"መስቀል አደባባይ ላይ ያለውስ?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሲከፈት የተተከሉት ግዙፍ የኤልኢዲ ስክሪኖች ከብዙ ትንንሽ ሰሌዳዎች የተገጣጠሙ ናቸው፤ በሰሌዳዎቹ መሐል ግን ጥቁር ግድግዳ አይታይም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚበራ አምፖል ስለሆነ ሽቦው በጀርባ ይወጣል።

ታዲያ ያንን አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ ነዋ! እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ የሚጨክነው። ሁለት ሰሌዳ ሲገጠም መጋጠሚያው እንዳይታይ፣ በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ባሉት ነጥቦች መሐል ያለው ርቀት ከሌሎቹ ነጥቦች ርቀት ጋር እኩል መሆን አለበት። የአደባባይ ስክሪን ነጥቦቹ በሚሊ ሜትሮች ስለሚራራቁ ለጠርዝ የሚሆን ቦታ ይተርፋል። 24 ኢንች ሞኒተር ላይ ግን ከፒክስል እስከ ፒክስል ያለው ርቀት 0.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለአንዱ ሰሌዳ ጠርዝ የሚደርሰው የዚያ ግማሽ፣ ማለትም 0.14 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሙጫ፣ መቁረጫና ሽቦ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይግቡ!

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 6 ሚሊዮን ጥቃቅን ኤልኢዲ የተደረደሩበት ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ለሙከራ አሳየ፤ በዚያ መልኩ ለቤት ሳይሸጥ ቀረ። ሳምሰንግ በ2018 ዘ ዎል ያለውን ባለ 146 ኢንች ስክሪን ከሰሌዳ ገጣጥሞ አቀረበ። ከባዱ ነገር መደርደሩ ነው። ከ10,000 ነጥብ አንዱ ብቻ ቢበላሽ እንኳ፣ 6,220,800 ነጥብ ባለው ስክሪን ላይ 622 የሞቱ ነጥቦች ይኖራሉ። እነሱን አንድ በአንድ ፈልጎ መተካት ዋጋውን ሰማይ ያደርሰዋል።

ለእኛ ምን አገባን?

ለእኛ የሚያገባን ነገር ያለው ጥገናው ላይ ነው። ከሚሴ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚጠግን አንድ ወንድማችን አለ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ኤሌክትሮኒክስ ያወቀው እየፈታ እየገጠመ ነው። ባለፈው ክረምት ሱቁ ቁጭ ብዬ ሲሠራ አየሁት። ፍሬም ያለው ቴሌቪዥን ሲመጣለት ብሎኖቹን ይፈታል፣ ፍሬሙን ያነሳል፣ የተቃጠለውን የኋላ መብራት በአዲስ ይተካል፤ ሰውየው በዚያው ቀን ይዞት ይሄዳል።

ቀጥሎ አንድ ጠርዙ እንደ ወረቀት የቀጠነ መጣ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ ሲመጣ ማዕዘኑ ተመቷል። መስታወቱ አልተሰበረም፤ ከላይ እስከ ታች ግን አንድ መስመር ቆሟል። ወንድማችን በጣቱ ታችኛውን ጠርዝ ጫን ሲያደርገው መስመሩ ጠፋ፤ ሲለቀው ተመለሰ።

"አየኸው?" አለኝ። "ፊልሙ ከመስታወቱ ለቋል። ይሄ ፓነል ነው የኔ ወንድም። ፓነል እዚህ አይጠገንም።"

"ቢቀየርስ?"

"በፓነሉ ዋጋ ትንሽ ጨምሮ አዲስ ይገዛበታል።"

ይህንን ነው የጠርዙ ታሪክ የሚነግረን። ፍሬሙ ሲወፍር ግጭቱን እሱ ይቀበል ነበር፤ ብሎን የሚገባበትም ቦታ ነበረው። ሲሳሳ ግን ብሎኑ በሙጫ ተተካ፣ ግጭቱም በቀጥታ ሽቦው ላይ አረፈ። ፋብሪካው ከጠርዙ ላይ ያነሳውን ሸክም ያወረደው በጠጋኙና በገዢው ላይ ነው። አዲስ ዕቃ በየጊዜው ለሚቀይር ሰው ይህ ብዙም ላይከብድ ይችላል። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ተጭኖ የመጣ ዕቃ ገዝቶ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ሊያወርሰው ላሰበ ቤተሰብ ግን ብዙ ነው።

ቀጭን ጠርዝን እየተቃወምኩ አይደለም። እኔም መሐል ላይ ያለው ግድግዳ ቢጠብልኝ ደስ ይለኛል። ግን "ፍሬም አልባ" የሚል ካርቶን ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ አብርተው ያሳዩአችሁ፤ ጥቁሩን መቀነት በዓይናችሁ እዩት። ሁለተኛ፣ ጀርባውን አዙሩና ብሎን ፈልጉ። ብሎን ካለው ከሚሴ ውስጥ የሚከፍተው ሰው አለ።